ከወለሉ በታች ያሉ ክንዶች

በየዓመቱ የግንቦት ወር ሊገባደድ ሲል በኬንያ ምድር አንድ ከወትሮው ለየት ያለ ውድድር ይካሄዳል። ስሙን ራይኖ ቻርጅ ይሉታል። ቦታው ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የት እንደሚሆንም ለተወዳዳሪዎች የሚገለጠው ዕለቱ ሲቃረብ ነው። ለመኪና የተጠረገ መንገድ የለበትም። እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ የደረቀ ወንዝ ገደልና የአለት ክምር በሞላበት፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ስፍራ 13 መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ይተከላሉ፤ ተወዳዳሪዎቹም በ10 ሰዓት ውስጥ ሁሉንም እንዲያዳርሱ ይጠበቅባቸዋል። የሚያሸንፈው ግን ቀድሞ የጨረሰው አይደለም፤ ጣቢያዎቹን አዳርሶ አጭሩን ርቀት የተጓዘው ነው። ነገሩን ሁሉ የሚለውጠው እንግዲህ ይህ ደንብ ነው። ፈጣን መኪና ዙሪያውን ዞሮ ቢመጣ ፍጥነቱ አይጠቅመውም። አጭሩ መንገድ ቀጥታው ነውና፣ ቀጥታውም በአለቱ ላይ ያልፋልና፣ ተወዳዳሪው ከአለቱ ጋር መተናነቅ ግድ ይሆንበታል።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኬን ኩሌ የመሠረቱት ራይኖ አርክ የተሰኘ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአበርዴር ተራሮች የሚኖረውን ጥቁር አውራሪስ ከአዳኝ ለመከላከል የኤሌክትሪክ አጥር ለማጠር ተነሥቶ ነበርና ገንዘብ ማሰባሰቢያ ያስፈልገው ነበር። አጥሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ርዝመቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሥራው ወደ ኤቡሩና ወደ ኬንያ ተራራ ደኖች ተሻግሯል። ተወዳዳሪው ወደ ሜዳው የሚገባው ገንዘብ አሰባስቦ ነው፤ ከዘመድ፣ ከወዳጅ፣ ከነጋዴ ለምኖ። ናይሮቢ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው የሚመነጨው ከእነዚሁ የአበርዴር ተራሮች በመሆኑ፣ ኢስሊ ውስጥ ቧንቧ የሚከፍት የአገራችን ሰውም፣ ውሃው በሚመጣበት ቀን ማለት ነው፣ ሳያውቀው የዚህ ውድድር ተጠቃሚ ነው ብሎ መናገር ያስደፍራል።

በዚያ ሜዳ ላይ የሚታዩት መኪናዎች ግማሾቹ ስማቸው የቀረላቸው ብቻ ናቸው። ላንድሮቨር ይባል የነበረው አካሉ ተገፎ በቱቦ አጽም ተተክቷል፤ ሱዙኪ የነበረው የሌላ መኪና አክስል ተሸክሟል። በአሜሪካ ምዕራብ በረሃዎች ለአለት መውጫ ብቻ ተብለው የሚሠሩትና ሮክ በጊ የሚባሉት መኪናዎች ታናናሽ ወንድሞች ናቸው። እዚያ በካሊፎርኒያው ጆንሰን ቫሊ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚካሄደው ኪንግ ኦቭ ዘ ሐመርስ የተሰኘው ውድድር የበረሃ ፍጥነትን ከአለት መውጣት ጋር አዳቅሎ እነዚህን መኪናዎች በዓለም አስተዋውቋቸዋል። የኬንያው ግን ዕድሜው ይበልጣል፤ ጠባዩም የተለየ ነው። ሯጮች አሉት። ሾፌሩ መሪውን ይዞ ሲታገል፣ ከቡድኑ አንዱ ወይም ሁለቱ በእግራቸው ቀድመው እየሮጡ በቁጥቋጦው ውስጥ መንገድ ይፈልጉለታል፤ መኪናው ገደል ሲወጣም ከኋላና ከጎን ቆመው በእጃቸው ያመላክቱታል።

ተመልካች የሚያየው ሞተሩን ነው፤ ጎማውን ነው፤ አቧራውን ነው። መኪናውን የሚያቆመውና የሚጥለው ግን ከወለሉ በታች የተሰወሩት፣ ክንድ የሚያህሉ የብረት ዘንጎች ናቸው። በእኛ ጋራዦች ብራቾ ይሏቸዋል። ጣሊያን ክንድን በዚህ ስም ይጠራልና ስሙ አልተሳሳተም።

ስለ ክንዶቹ ለመናገር ከባሌስትራ መነሣት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው ባሌስትራን ያውቃል፤ አርጅቶ የተጣለው ማረሻም ቢላዋም ሆኖ ሲቀጠቀጥ አይቷልና። ባሌስትራ አራት ሥራ ብቻውን የሚሠራ ታማኝ አገልጋይ ነው። የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ይይዛል፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያግዳል፤ ሞተሩ ጎማውን ሲያዞር አክስሉ በተቃራኒው ሊጠመዘዝ የሚያደርገውን ሙከራም ይቋቋማል። አራት ሥራ የያዘ አገልጋይ ግን አንዱንም ሥራ እንደ ልቡ አይሠራም። ለስላሳ ሆኖ ከአለቱ ጋር እንዲተጣጠፍ ከተፈለገ ሲጠመዘዝ እንደ እባብ ይጎብጣል፤ ጠንካራ ሆኖ መጠምዘዙን እንዲቋቋም ከተፈለገ ደግሞ ጎማውን ከመሬት ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1970 በስፔን ኪንግ መሪነት የተሠራው ሬንጅ ሮቨር ለገጠር መንገድ በተሠራ መኪና ላይ ባሌስትራውን አውጥቶ ረጅም ሞላ ያስገባው ለዚህ ነበር። ሞላ ክብደት ከመሸከም በቀር ሌላ ሙያ የለውም። የቀሩትን ሦስት ሥራዎች ለክንዶች አስረከበ።

ከኪሪንያጋ መንገድ ብዙም ሳይርቅ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሙያውን የጀመሩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ የብየዳ ቤት ነው። ወደ ናይሮቢ ከመጡ በኋላ ለዓመታት በጁዋ ካሊ ፀሐይ ላይ በር፣ መስኮትና የአህያ ጋሪ ሲበይዱ ኖረው፣ ቀስ በቀስ ወደ መኪና ገቡ። እጃቸው የሰመረ ነው፤ ይበልጥ የሚታወቁት ግን እምቢ በማለታቸው ነው። የማያምኑበትን ብየዳ አይበይዱም። «ሰው መኪናውን አምኖ ሲወርድ የሚያምነው እኔን ነው» የሚል አንድ አባባል አላቸው፤ ደንበኞቻቸው ይህን አባባል እንደ ሂሳብ መጨመሪያ ምልክት ይፈሩታል።

አንድ ዓመት፣ ውድድሩ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ኬንያዊ ደንበኛ መኪናውን ይዞላቸው መጣ። መኪናው በሌላ ጋራዥ የተሠራ የቱቦ በጊ ነው። የኋላው አክስል በአራት ክንዶች የተያዘ ነው፤ ሁለቱ የታችኞቹ ረጃጅሞች ሲሆኑ ወደ ሻንሲው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ የላይኞቹ ሁለቱ አጠር ያሉና በማዕዘን የተጠጋጉ ናቸው። የላይኞቹ ማዕዘን ሥራ አለው፤ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚያደርገው እርሱ ነው። ማዕዘኑ እጅግ ሲጠብ መኪናው ጎን ለጎን ይወዛወዛል፤ በቂ ሆኖ ሲከፈት ግን ፓናርድ የሚባለው ተሻጋሪ ዘንግ አያስፈልግም።

ደንበኛው የፈለገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። የታችኞቹ ክንዶች በአለት ላይ ይሰነቀራሉ፤ መኪናው ሲወጣ እንደ መልሕቅ ይይዙታል። «ፉንዲ፣ ሦስት ኢንች ብቻ ከፍ አድርግልኝ» አለ። በስዋሂሊ ባለሙያን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ከአክስሉ በኩልም ከሻንሲው በኩልም ክንዱ እንዳለ በሦስት ኢንች ከፍ ይበል፣ ሆዱ ልሙጥ ይሁን፣ ይንሸራተት። ጥያቄው ሞኝነት አልነበረም። በዚያ ሜዳ ላይ ብዙዎች ያደርጉታል።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። ሜትር አወጡና ለኩ። ጎማው 36 ኢንች ነው፤ ስለዚህ የአክስሉ መሐል ከመሬት 18 ኢንች ከፍ ይላል። የታችኛው ክንድ የታሰረው በዚያው በ18 ኢንች ከፍታ ሲሆን የላይኛው ደግሞ በ27 ኢንች ነው። በመካከላቸው 9 ኢንች አለ፤ ይህም የጎማው ቁመት አንድ አራተኛ ነው። ይህ አንድ አራተኛ የሚባለው ልክ በሙያው ውስጥ እንደ ባልትና ልክ የሚሠራበት ነው። መጽሐፍ ያነበበም ያላነበበም ይጠቀምበታል።

ለምን አንድ አራተኛ? ሽማግሌው ለደንበኛው በኮንክሪቱ ወለል ላይ በጠመኔ አሳዩት። ጎማዎቹ መሬቱን በ1000 ኪሎ ኃይል ይግፉት እንበል። ግፊቱ ያለው ከታች፣ ጎማው መሬት በሚነካበት ነው። ክንዶቹ ግን ያሉት ከላይ ነው። አክስሉ እንግዲህ በታችኛው ክንድ ላይ እንደ ሚዛን ይንጠለጠላል፤ ከታች 18 ኢንች የሚረዝም ዱላ ይገፋዋል፣ ከላይ 9 ኢንች በሚረዝም ዱላ ይያዛል። አጭሩን ዱላ የያዘ ሰው እጥፍ መታገል አለበት። ስለዚህ የላይኞቹ ክንዶች በ2000 ኪሎ ይጎተታሉ፤ የታችኞቹ ደግሞ የመሬቱንም ግፊት የላይኞቹንም ጉተታ ተሸክመው በ3000 ኪሎ ይጨመቃሉ። አሁን የታችኛውን ሦስት ኢንች ከፍ ያድርጉት። የታችኛው ዱላ 21 ኢንች ይሆናል፤ የላይኛው 6 ብቻ ይቀረዋል። ሃያ አንድ ለስድስት ሲካፈል ሦስት ከግማሽ ነው። የላይኞቹ ጉተታ 3500፣ የታችኞቹ ጭመቃ 4500 ኪሎ ይደርሳል። ሞተሩ ያው፣ አለቱ ያው፣ ሾፌሩ ያው ሆኖ፣ በሦስት ኢንች ብቻ የታችኞቹ ሸክም በግማሽ ጨመረ።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ሁለቱን ክንዶች ከጎን ሆነው ሲመለከቷቸው ትይዩ አይደሉም፤ በምናብ ወደ ፊት ቢያስረዝሟቸው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ተነሥቶ በዚያ መገናኛ የሚያልፍ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ ከፊት አክስል በላይ የሚደርስበት ከፍታ የመኪናውን ጠባይ ይናገራል። ከመኪናው የክብደት መሐል ከፍታ እኩል ከሆነ መቶ በመቶ ይሉታል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ኋላው አይሰምጥም፣ አይነሣም። ካነሰ ኋላው ይቀመጣል። ከበለጠ ክንዶቹ ራሳቸው ኋላውን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ዳገት ላይ ጎማው መሬቱን ረግጦ ይለቃል፣ ይረግጣል ይለቃል፣ መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል። በጠመኔው ሥዕል ላይ የደንበኛው መኪና ቁጥር 70 በመቶ ገደማ ነበር። ክንዱ ሦስት ኢንች ከፍ ሲል መገናኛው ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቦ ቁጥሩ ከ110 አለፈ። እርግጥ ኃይሉ በአራቱም ጎማ በሚከፋፈል መኪና ላይ ይህ ቁጥር መመሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። አቅጣጫው ግን አይዋሽም።

ደንበኛው ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠ። ከዚያ በኋላ ሰዓት እንደሌለው፣ ገንዘብ ቃል የገቡለት ሰዎች እንደሚጠብቁት፣ ሌሎችም እንዲሁ አድርገው ደህና እንደ ገቡ ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው። ሽማግሌው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ዳገት ስትወጣ ከኋላ የሚቆመው ማን ነው?»

«ልጄ ናት» አለ ደንበኛው።

ልጅቱ የቡድኑ ሯጭ ናት። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ስልኳን እየነካካች ነበር።

እዚህ ላይ የታችኛው ክንድ ቢለቅ ምን እንደሚከተል መናገር ይገባል። ክንዱ ወይም የታሰረበት ጆሮ ሲገነጠል አክስሉ በአንድ ጎን ይዞራል፤ ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ዘንግ ከመገጣጠሚያው ይወጣል ወይም ይሰበራል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦም ሊበጠስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ክንዱ እጅግ በተጨነቀበት ሰዓት ነው፤ እርሱም መኪናው ዳገቱ መሐል ሲደርስ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ነው።

ሽማግሌው እምቢ አላሉም፤ ይህ ከልማዳቸው ውጭ ነበር። ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። የታችኛው ሦስት ኢንች ከፍ ካለ የላይኛውም ሦስት ኢንች ከፍ ይበል። ያን ጊዜ በመካከላቸው ያለው 9 ኢንች እንደ ተጠበቀ ይቆያል። ሸክሙ ከ2000ና ከ3000 ወደ 2333ና ወደ 3333 ይደርሳል፤ ጨምሯል፣ ግን የሚቻል ነው። ከላይ ያለው ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። የነዳጅ ታንከሩ ተቀምጦበታል። ታንከሩ ይነሣ ማለት መቀመጫው ይነሣ፣ አጽሙ ይቆረጥ፣ የመኪናው ክብደት ሚዛን እንደ ገና ይታሰብ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት። ደንበኛው ልጁን አየ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጠመኔ አየ፣ ዋጋውን ጠየቀ። ዋጋው አልተመቸውም፤ ቢሆንም መኪናውን ትቶ ሄደ።

ክንዶቹን ከምን መሥራት እንደሚገባ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩም አያልቅም። የላይኞቹ ሲጎተቱ ስለሚውሉ ቀጠን ቢሉ አይጎዳም። የታችኞቹ ግን ይጨመቃሉ፣ ከታችም በአለት ይደበደባሉ። ቀጭን ነገር ሲጨመቅ ከመድቀቁ በፊት ይጎብጣል። ሌዎንሃርድ ኦይለር የተባለው የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1744 ይህን አስልቶታል፤ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዘንግ የሚሸከመው ጭመቃ አራተኛ ይሆናል። ውፍረት ግን በሌላ በኩል ይክሳል፤ ከአንድ ኢንች ተኩል ወደ ሁለት ኢንች የወፈረ ቱቦ፣ የግድግዳው ውፍረትም በዚያው መጠን ካደገ፣ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሸከማል። ለዚህም ነው የታችኛው ክንድ በተለምዶ ሁለት ኢንች፣ ግድግዳው ሩብ ኢንች በሆነ ስፌት አልባ መሰል ቱቦ የሚሠራው። ከአለቱ ለመራቅ ሲባል ክንዱን ከመሐሉ ወደ ላይ አጉብጠው የሚሠሩም አሉ። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን የሚጨመቅን ዘንግ ገና ከመጀመሪያው አጉብጦ መስጠት ለኦይለር ግማሽ መንገድ ሄዶ መቀበል ነው። የውሃ ቱቦ ገዝተው የሚሠሩ ደግሞ ጭራሽ አይነሡ።

ከብረት ሌላ 7075 የሚሉት አሉሚኒየም አለ፤ አውሮፕላን የሚሠራበት ዓይነት ነው። ጠባዩ ያስገርማል። ጥንካሬው ከጥሩ ቱቦ ብረት አይተናነስም፤ ግትርነቱ ግን የብረትን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። አለት ሲመታው ይጎብጥና ተመልሶ ይቃናል፤ ብረቱ በዚያው ልክ ቢጎብጥ ጎብጦ ይቀር ነበር። እንዲያውም ከድፍን ዘንግ ቢሠራም ክብደቱ አይከብድም። ችግሩ በተለመደው መንገድ አይበየድም። ጫፎቹ ላይ ጥርስ ተቆርጦበት መገጣጠሚያው ይጠመዘዝበታል እንጂ። ለበያጅ ደግሞ የማይበየድ ብረት ማለት ለወጥ ሠሪ የማይቁላላ ሽንኩርት ማለት ነው። ሽማግሌው ቱቦውን መረጡ።

መገጣጠሚያው ራሱ የተለየ ወግ አለው። ተራ መኪና ላይ ጎሚኒ አለ፤ ንዝረቱን ይውጣል፣ ትንሽም ይተጣጠፋል። በጊው ላይ በቤቱ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ኳስ ይደረጋል። ከቴስቲና ጋር ዝምድና አለው። ይህ ኳስ በዘንጉ አቅጣጫ ሲገፉትም ሲጎትቱትም ብርቱ ነው። ወደ ጎን ማጠፍ ከመጣ ግን ደካማ ነው፤ የሚሰበረውም ሁልጊዜ እዚያው፣ ጥርሱ ከዳዶው ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው። ኳሱ እስከ ተወሰነ ማዕዘን ይዞራል፤ ማዕዘኑ ሲያልቅ ጆሮውን ይነካና ይቆማል። ከዚያ በኋላ መገጣጠሚያ መሆኑ ቀርቶ ፌሮ መፈልቀቂያ ይሆናል።

በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው ይህንኑ አገኙ። ተለማማጁ፣ ከወሎ የመጣ ወጣት ነው፣ የአክስሉን ጆሮዎች ቀለም በሽቦ ብሩሽ እየፋቀ ነበር። በግራው ጆሮ ሥር ከፀጉር የቀጠነ መስመር አየ። «ጋሼ፣ ይሄ ቀለም ነው ወይስ ስንጥቅ?» አለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ነዳጅ ቀብተው ጠረጉት፤ ጠመኔ ነሰነሱበት። ነዳጁ ከስንጥቁ ተመልሶ ጠመኔውን አጠቆረው። ስንጥቁ በብየዳው ላይ አልነበረም። ከብየዳው ጎን፣ ሙቀቱ ነክቶት በቀዘቀዘው ብረት ላይ ነበር።

ተለማማጁ መበየጃውን አነሣ። ሽማግሌው አስቀመጡት። «መጀመሪያ ለምን እንደ ተሰነጠቀ ንገረኝ፤ ከዚያ በይደው» አሉት።

ልጁ አልነገራቸውም፤ አላወቀምና። ሁለቱ ሞላዎቹን አወጡ። አክስሉን በክሪክ ይዘው ግራውን ወደ ላይ፣ ቀኙን ወደ ታች እስከ መጨረሻው ላኩት፤ መኪናው አለት ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ ሲቆም እንደሚሆነው። ሞላ በሌለበት ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ ብዙ ጋራዦች ግን ስለማይቸኩሉበት ሳይሆን ስለሚቸኩሉ ይዘሉታል። ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው አንዳች ነገር ቀጭ አለ። ኳሱ ማዕዘኑን ጨርሶ የጆሮውን ጠርዝ ነክቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የመኪናው ክብደት ሁሉ ጆሮውን ወደ ጎን ያጥፈዋል፤ በወጣ በወረደ ቁጥር፣ ለወራት። በያጁ አልበደለም። ሥዕሉ ነው የበደለው።

ጆሮዎቹ አራቱም ተቆርጠው ተጣሉ። አዲሶቹ ወፈር ባለ ላሜራ ተሠሩ፤ ኳሱ በነፃነት እንዲዞር ሰፋ ተደርገው፣ ከኋላቸው ደጋፊ ብረት ተደርጎላቸው፣ ቡሎኑም ከሁለቱም ወገን እንዲያዝ ሆነው። በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ቡሎን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀበላል፤ በሁለት ወገን ሲያዝ ይካፈላል። ቀዳዳውም የቡሎኑ ልክ መሆን አለበት። ትንሽ የሰፋ እንደሆነ ክንዱ በየጊዜው እየመታ ክቡን ቀዳዳ እንቁላል ያስመስለዋል፤ ሾፌሩ በመጀመሪያ የሚሰማት ነዳጅ ሲለቅና ሲሰጥ ከታች የምትመጣ ትንሽ ኳኳታ ናት። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ በነጥብ ብቻ ተያዘ፤ አክስሉ እንደገና ወደ ላይና ወደ ታች ተላከ፤ የነካ ነገር እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ ሙሉው ብየዳ ተደረገ። ይህ አራት ቀን ፈጀ። ደንበኛው በየቀኑ ይደውል ነበር፤ ሽማግሌውም በየቀኑ ስልኩን ለተለማማጁ ይሰጡት ነበር።

መኪናው ከጋራዡ የወጣው ፍተሻው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በእያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ላይ አንድ የነጭ ቀለም መስመር ተሰምሮ ነበር፤ ዳዶው ቢላላ መስመሩ ይሰበራልና ሯጯ በየጣቢያው ጎንበስ ብላ እንድታይ ተነገራት። ተሳቀች። ግን አየች።

ውጤቱን በተመለከተ ብዙ የሚነገር የለም። ከ13ቱ ጣቢያዎች 11ዱን አዳረሱ። አንዱን ያጡት ሰዓት አልቆባቸው፣ ሌላውን ሯጯ ገደሉን አይታ «አይሆንም» በማለቷ ነው። አባትየው ሊከራከራት ሞክሮ ነበር አሉ።

መኪናው በሳምንቱ ታጥቦ ወደ ጋራዡ ሲመለስ ጆሮዎቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ነጮቹ መስመሮችም አልተሰበሩም። የግራው የታችኛ ክንድ ግን ጎብጧል። ተለማማጁ ፈትቶ ወለሉ ላይ አጋደመውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠረበት፤ መሐሉ ከሲባጎው 9 ሚሊ ሜትር ርቋል። ደንበኛው ለከርሞ እንዳይጎብጥ ወፍራም ይሁንልኝ አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቱ አንድ ነገር መውሰዱ ካልቀረ ይህን ይውሰድ፤ ቱቦው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቆረጣል፣ በሁለት ቡሎን ይቀየራል፣ ገበያም ላይ አለ። እርሱ እምቢ ሲል የሚሰጠው ጆሮው ነው፣ ከጆሮው ቀጥሎ አክስሉ። ደንበኛው ያው ልክ የሆኑ ሁለት ክንዶች አዘዘ፤ አንዱ በመቀመጫው ሥር ታስሮ የሚሄድ መለዋወጫ ነው።

የጎበጠው ክንድ ጫፎቹ ተቆርጠው ተለማማጁ የጎማ መፍቻ ማስረዘሚያ አደረገው። ትንሽ መጉበጡ እንዲያውም ለእጅ ይመቻል ይላል።